መቆንጠጫ የነከሱት ሰብሳቢ

የሆስፒታሉን ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚመሩትን ሴት በስማቸው የሚያውቃቸው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ እትዬ ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በእጃቸው ያላለፈ አንሶላ፣ ያልተሸነፈላቸው እድፍ የለም። ደግሞም ደግ ናቸው፤ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ያዘነ ያጽናናሉ። ችግራቸው አንድ ነው፤ ጥያቄ ሲጠይቁ መልሱንም አብረው ይዘው ይመጣሉ። «እንዴት አደርሽ? ደህና ነሽ፣ እሰይ! ልጅሽስ? ተሽሎታል፣ ከፊትሽ ያስታውቃል!» ብለው ሲያልፉ ተጠያቂዋ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች። ባላቸው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ጎረቤት «ዝምተኛ ሰው» ይላቸዋል። ዝምተኛስ አይደሉም፤ ተራ አልደረሳቸውም እንጂ።

አንድ ሰኞ አስተዳዳሪው እትዬን ቢሮው አስጠርቶ ደብዳቤ አሳያቸው። ባለካውያዋ ወደ መዝገብ ቤት መዛወር ትፈልጋለች። ባለካውያዋ ማለት አሥራ አራት ዓመት አብራቸው የሠራች፣ እትዬ በሰው ሁሉ ፊት «ቀኝ እጄ» የሚሏት ሴት ናት። ምክንያቷን «የግል ጉዳይ» ብላ ጽፋለች።

«አርብ እፈርማለሁ» አለ አስተዳዳሪው። «እስከዚያ ሠራተኞችዎን ሰብስበው በግልጽ ያወያዩ። ሰው በደህና ጊዜ ከለመደው ቦታ አይነሳም።»

እትዬ ክው አሉ። ከእኔ የምትደብቀው ምን አላት? ምንስ በድያት ነው?

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ወንበሮቹን ክብ አድርገው ደረደሩ። ባለካውያዋ፣ የማጠቢያ ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ባለማሽኑና የደረቀውን ልብስ የምታጥፈው አጣፊዋ ተቀመጡ። አጣፊዋ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ቃለ ጉባኤ ያዥ ተባለች።

«እንግዲህ ውይይቱ ግልጽ ነው፤ የሆድ የሆዳችሁን አውጡ!» አሉ እትዬ። «የከፋው አለ? ማን ይከፋዋል፤ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን!»

ባለማሽኑ እጁን አወጣ። «እትዬ፣ ሦስተኛው ማሽን...»

«ይንቀጠቀጣል! አውቃለሁ፣ ለጥገና ነግሬያለሁ።»

ባለማሽኑ እጁን አወረደ። ቆይታ ባለካውያዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «እኔ ደግሞ... እጄ...»

«እጅሽማ ወርቅ ነው! ማን ይክደዋል? እስቲ አጨብጭቡላት!»

ተጨበጨበላት። ባለካውያዋ አንገቷን ደፋች፤ እትዬ ትሕትና መሰላቸው። ውይይቱ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ እትዬም ደምቆ ነበር ብለው ደስ ብሏቸው ወጡ።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ቀረበላቸው። አጣፊዋ ውሸት አታውቅም፤ ያየችውን ጽፋለች። «እትዬ ስብሰባውን ከፈቱ። እትዬ ጠየቁ። እትዬ መለሱ። ተጨበጨበ። እትዬ ስብሰባውን ዘጉ።» እትዬ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩ። ሌላ ነገር የለም። ማንም አንድ ነገር ሳይነግራቸው እንዴት አርባ ደቂቃ አለፈ? ያን ቀን ሰው ሁሉ «አሞዎት ነው ወይ?» እስኪላቸው ዝም ብለው ዋሉ። አርብ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀረው፤ የባለካውያዋን ነገር ግን ገና አላወቁትም።

ሐሙስ ጠዋት ማድረቂያው ማሽን ጭስ ተፍቶ ቆመ። ዘጠና አንሶላ እርጥብ ነው፤ ፎቅ ላይ በሽተኛ ይጠብቃል። እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሠራተኞቹን ሁሉ ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ማድረቂያ ሳይገዛ በፊት ልብስ የሚሰጣበት ገመድ እዚያው አለ። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። በነፋስ አንሶላ ያሰጣ ሰው ያውቀዋል፣ ሁለት እጅ አይበቃም። ስለዚህ እንደ ድሯቸው ሁለት የልብስ መቆንጠጫ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው አንሶላውን ገመዱ ላይ ያዙ። ባለካውያዋ ከወዲያ በኩል ደገፈችው። አንሶላው ስለጋረዳቸው አይተያዩም።

«እትዬ» አለች ባለካውያዋ። «እጄ...»

እትዬ መልሱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ መቆንጠጫው ከለከላቸው። «እም» ብቻ አሉ።

ባለካውያዋ ትንሽ ጠበቀች፤ መልሱ ሁልጊዜ ይመጣላ! ሳይመጣ ሲቀር ቀጠለች።

«እጄ ይደነዝዛል። ስድስት ወሩ ነው። ካውያው ሁለቴ አምልጦኝ ወድቋል፤ አንዴ እግሬን ለጥቂት ሳተኝ። ሦስት ጊዜ ልነግርዎ ጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜም ወርቅ ነው አሉኝ። ቀኝ እጄ እያሉኝ፣ ቀኝ እጅዎ አልሠራ አለ ብዬ እንዴት ልንገርዎ? አፈርኩ። ከማፍር መዝገብ ቤት ገብቼ ፋይል ልጠብቅ አልኩ።»

የእትዬ እንባ በጉንጫቸው ወርዶ መቆንጠጫው ላይ ደረሰ። እጃቸው ስለተያዘ ሊጠርጉት አልቻሉም።

ከጎናቸው ያለውን ገመድ የያዘው ባለማሽኑ ይህን ሲያይ ደፈረ። «እኔም ማክሰኞ ልል የነበረው፣ ሦስተኛው ማሽን ውሃውን ማድረቂያው ሽቦ ላይ ያፈሳል ብዬ ነበር። ይኸው አቃጠለው።»

«እም!» አሉ እትዬ፤ በራሳቸው ተናደው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች አጣፊዋ ከሁሉም ብሳ፣ «ሰው ሬዲዮ የሚልዎት ለዚህ ነው። ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም።»

እትዬ ሬዲዮ መባላቸውን የሰሙት ገና ያኔ ነው። መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ከዚያ ሳቃቸው በአፍንጫቸው አመለጠና መቆንጠጫዎቹ ሳሩ ላይ ወደቁ። እንባቸውን በአንሶላው ጠርዝ ጠረጉ፤ ሌላ ሰው ቢያደርገው ይቆጡ ነበር። ከአንሶላው ወዲያ ዞረው ባለካውያዋን አዩዋት።

«ምን ይሻልሻል?» አሉና፣ መልሱ ሳያመልጣቸው አንዱን መቆንጠጫ አንስተው ነከሱት።

የሚሻላትንማ ድሮም ታውቀው ነበር። እጇን ሐኪም ይይላት፤ እስኪሻላት እሷ ልብስ ትጠፍ፣ አጣፊዋ ትተኩስ፤ አተኳኮሱን ቁጭ ብላ ታስተምራታለች። አሥራ አራት ዓመት የሐኪሞችን ጋዋን ስትተኩስ ከሐኪሞቹ አንዱም እጇን አይቶት አያውቅም። አርብ ጠዋት ሁለቱ አብረው አስተዳዳሪው ዘንድ ገቡ። ባለካውያዋ ተናገረች፣ ደብዳቤዋንም ራሷ ቀደደችው። እትዬ አጠገቧ ቆመው ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ መቆንጠጫውን ይነካኩ ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ውይይቱ ገመዱ ሥር ሆነ፤ አንሶላ እያሰጡ። ቃለ ጉባኤው ሁለት ገጽ ወጣው፤ ባለማሽኑ ብቻውን ግማሽ ገጽ ወሰደ። የመጨረሻው መስመር «እትዬ ሰሙ» ይላል።

እትዬ ወረቀቱን ቤታቸው ይዘው ሄደው ለባላቸው አነበቡላቸው። ባላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«እኔም» አሉ፣ «አንድ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ።»

እትዬ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።