ጉደር ላይ ያልወረዱት ሰው

ይህ የደረሰብኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ውስጥ ነው። 

እጃጂ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ጫልቱ ልጃችንን ከወለደች በኋላ የልቧ ጡንቻ ተዳክሞ አምቦ ክትትል ላይ ነበረች። ሐኪሟ ከጅምሩ አስጠንቅቆናል። «ጉንፋን ሲይዛት ቀላል ነው ብላችሁ ቤት እንዳታስተኟት። ሰውነቷ ቫይረሱን ለማጥፋት ሲቆጣ ልቧንም አብሮ ሊጎዳው ይችላል» ብሎናል። እኔም ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ስለምነጫነጭ ጎረቤቱ «የጉንፋን ፖሊስ» ይለኛል።

የፈራሁት አልቀረም። ጉንፋኑ በያዛት በጥቂት ቀን ውስጥ እግሯ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ። ጤና ጣቢያው ወደ አምቦ ላካት፤ አምቡላንሱ ግን ወላድ ይዞ ሄዷል። ሕፃኑን ታቅፌ፣ እሷን ደግፌ አስፋልት ዳር ቆምኩ። የቆመልን ለቀስተኞች ኮንትራት የያዙት ሚኒባስ ነበር። ጉደር ለቀብር እየሄዱ ነው። ተጠጋግተው አስገቡን።

ደግነታቸው ሊገድላት ነበር! በሽተኛ መቼም ይተኛል ተብሎ የኋላው ወንበር ተለቀቀላት። ጋቢ ደራረቡላት፤ ንፋስ እንዳይመታት ብለው መስኮቱን ሁሉ ዘጉ። ጌዶን እንዳለፍን ከንፈሯ ጠቆረ። እጇን እያወራጨች «አስቀምጡኝ!» አለች።

አጠገቧ የነበሩት ሽማግሌ፣ ኦቦ ቶለሳ ይባላሉ፣ ቀና አድርገው ደረታቸው ላይ አስደገፏትና መስኮቱን በረገዱት። «አይዞሽ፣ ኢንተላ ቲያ፣ አይዞሽ ልጄ» ይሏታል። ትንፋሿ መለስ አለ። ትንሽ ሸርተት ካለች ግን መልሶ ያፍናታል።

ጉደር ስንደርስ ለቀስተኞቹ ወረዱ፤ ሾፌሩ እኛን አምቦ ሊያደርሰን ተስማምቷል። የሚቀበሩት የኦቦ ቶለሳ ታላቅ እህት መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሾፌሩ «ኦቦ፣ ይውረዱ እንጂ። አስከሬኑ ወጥቷል፤ አምቦ ደርሰው ሲመለሱ አይደርሱም» አላቸው።

«ይቺን ማን ይደግፋታል? እሱ ሕፃን ታቅፏል።»

ዘመዶቻቸው ከታች ስማቸውን እየጠሩ ይጮሃሉ። ኦቦ ቶለሳ እንባቸው እየወረደ «ዴሚ! ንዳው እልሃለሁ!» አሉት። «እህቴ ብሄድም ብቀርም አትሰማኝም። ይቺ ትሰማኛለች።»

«ግድ የለም፣ ይውረዱ» ማለት ወጉ ነበር። አላልኩም። እንዳይወርዱ በልቤ እየጸለይኩ ነበር።

አምቦ እንደደረስን ኦክስጅን ተደረገላት። ሐኪሙ የሰውነቷ መከላከያ ጉንፋኑን ሲያሳድድ ልቧን እንዳስቆጣው ነገረኝ፤ ተስፋም አልሰጠኝም፣ ተስፋም አላስቆረጠኝም። በሞትና በሕይወት መካከል ሰንብታ ተረፈች። ኦቦ ቶለሳ እህታቸውን አፈር ሳያለብሱ ቀሩ።

ጫልቱ ስትጠነክር ጉደር ለቅሶ ደረስን። የሟቿ ልጅ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አጎቷን አኩርፋለች። ማን መሆናችንን ስንነግራት ጫልቱን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እንኳን ተረፍሽ» አለቻት። ከልቧ ነው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ለአጎቷ ግን ዛሬም ቃል አትተነፍስም።

ኦቦ ቶለሳ አሁን ቤተ ዘመድ ሆነውናል፤ አንድም ቀን ሲቆጩ አልሰማኋቸውም። እኔም በዚያ ጸሎቴ አልጸጸትም። የዚያችን ልጅ ዓይን ቀና ብዬ ማየት ግን እስከ ዛሬ አቅቶኛል።