የኦይታ ጣት

ላንቴ በምትባለው የቆላ መንደር ውስጥ ሙዝ የማይበላ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የራሱ የሙዝ እርሻ እያለው ሙዝ የማይበላ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ኦይታ ነው። የተወለደው ደጋ፣ ኦቾሎ ነው። አባቱ ሸማኔ ሊያደርጉት ብዙ ደክመው ነበር፤ እሱ ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ ክር ሲያቀብል መዋል አልሆንልህ ብሎት ወደ ቆላ ወረደና ሙዝ ተከለ። ከአባቱ የወረሰው የሽመና ዕቃ እስከ ዛሬ ጓዳ ውስጥ በሣጥን ተዘግቶ ተቀምጧል። ኦይታ በዚያ በኩል ዞር ብሎም አያይም። ይህን ሣጥን ያዙልኝ።

ስኳር በሽታ እንዳለበት ሲነገረው መጀመሪያ አኮረፈ፤ በኋላ ግን ትምህርቱን አገኘ። ሲስተር ኑሃሚን የምትባል ነርስ በየወሩ ከከተማው ከሴቻ በሚኒባስ እየመጣች በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ስለ አመጋገብ ታስተምራለች። የሳህኑ ግማሽ ጎመን ይሁን፣ ሩቡ እህል፣ ሩቡ ባቄላ ወይም ሥጋ ትላለች። ሌላው ሰው ሰምቶ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ሲሄድ ኦይታ ነገሩን እንደ ጥሪ ቆጠረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጋበዘበት ቤት ሁሉ ጸሎት ተደርጎ አሜን ሲባል፣ ከማንም በፊት ጣቱን ይዘረጋና የሰዉን ሳህን በአየር ላይ ለሁለት ይከፍላል። በጎረቤቱ በአጵሎስ ልጅ ሠርግ ላይ የሙሽራውን ሳህን ሳይቀር ከፍሎ ሩዙ በዝቷል ብሎ ፈርዷል። የሳህን ዳኛ የሚል ስም ወጣለት፤ እሱም ስድብ መሆኑን ሳይረዳ ደስ አለው።

ባለቤቱ ወርቂቱ ግን ጣቱ ሰልችቷታል። "የምኞት አባት፣ ጣትህን ከወጤ ላይ አንሳ" ትለዋለች በየምሳው፣ በልጃቸው ስም እየጠራች። እንዲያም ሆኖ ትኮራበት ነበር፤ ስኳር ከቤት ይውጣ ሲላት ከዓይኑ ያጠፋችው እሷ ናት፤ ሻዩንም ባዶውን ስታቀርብለት ኖራለች።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሲስተር ኑሃሚን ኦይታን በሰው ፊት አቁማ፣ ስኳሩን ለክታ፣ ደህና ከሆነ የሰፈሩ አስተማሪ ልታደርገው መጣች። ነጭ ጋውንም አምጥታለታለች። ኦይታ ጋውኑን ሲያየው ልቡ እዚያው ቆመ።

የዕለቱ ትምህርት ስለ ሙዝ ነበር፤ ስኳር ያለበት ሰው አንዴ ከበላ ግማሽ ይብቃው የሚል። ሙዙን ያመጣው ኦይታ ነው፤ ለዚያውም ማር የመሰለ የበሰለ። እንግዳን ልጠህ ብላ ማለት ለእሱ ነውር ስለሆነ ሁሉንም በእጁ እየላጠ፣ እየገመሰ አደለ። አንዲት ቁራሽ አፉ አልገባችም። ሲጨርስ ጣቱን ሱሪው ላይ አበሰ። ሰዉ ለመለካት ከጀሪካኑ ውሃ እየቀዳ በሳሙና ሊታጠብ ሲሰለፍ፣ ኦይታ መታጠብ የጀማሪ ነው ብሎ ሰልፉን አልፎ ጣቱን ዘረጋ።

መሣሪያው ከአራት መቶ በላይ አለ፤ ከልክ ያለፈ ቁጥር ነው። ሲስተር ኑሃሚን ተሳስቶ እንደሆነ ብላ መታ መታ አደረገችው፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። በልጁ ሠርግ የተቀየመው አጵሎስ ነው ቀድሞ የተናገረው።

"ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኛ ብቅል ስለማንቀምስ በጣታችን በኩል ወጣ" አለ።

የሰዉን ሳቅ ኦይታ ይችለው ነበር። ያልቻለው ወርቂቱን ነው። ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "የምኞት አባት፣ እኔ ስተኛ ነው የምትበላው?" አለችው። ማለ፣ ተገዘተ፤ የሚሰማው አልነበረም። መጨረሻ ላይ በእንቅልፍ ልቤ ተነሥቼ በልቼ ይሆን እንዴ ብሎ ራሱንም መጠርጠር ጀመረ።

ሲስተር ኑሃሚን እንደገና ልትለካው ጣቱን ስትይዝ ጓንቷ ተጣበቀባት። ምን እንደነካ ጠየቀችው፤ መልስ ሳትጠብቅ ጣቱን አሸተተችው። ሙዝ ሙዝ ይላል። የለካነው የሙዙን ስኳር ነው ብላ ወዲያው ወደ ጀሪካኑ ሰደደችው። ኦይታ እስከ ክርኑ በሳሙና ታጥቦ ሲመለስ ቁጥሩም ወደ ደህናው ቦታ ተመለሰ። ሰዉ አጨበጨበ፤ አጵሎስም እያመነታ አጨበጨበ። ጋውኑ ትከሻው ላይ አረፈ።

እዚህ ላይ ቢበቃው ጥሩ ነበር። ኦይታ ግን የጠረጠረችኝም ትለካ አለ። ወርቂቱ ምን ገዶኝ ብላ በደንብ ታጠበች፣ አደረቀች፣ ጣቷን ሰጠች። የእሷም ቁጥር ከፍ አለ። አራት መቶ ባይሞላም በጣም ከፍ ያለ ነበር። ደግማ ታጠበች፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ሲስተር ኑሃሚን በዚህ ብቻ አይፈረድም፣ ሰኞ ምግብ ሳይቀምሱ ጤና ጣቢያ ይምጡ አለቻት። አጵሎስ ተረት አላገኘም።

ኦይታ ወደ ቤት ሲሄዱ የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር፤ አቤት ስንት ነገር። ዞር ሲል ግን ወርቂቱ የተወጋ ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ ስትሄድ አያት። ፈርታለች። እናቷን የነጠቃት ይኸው በሽታ ነው፤ ኦይታም ያውቃል። የያዘውን ነገር ሁሉ ዋጠው።

ቤት እንደገቡ ወርቂቱ ጓዳ ገብታ የሽመናውን ሣጥን ከፈተች። ስኳሩ፣ ማሩ፣ ብስኩቱ ሁሉ ከመወርወሪያው ጎን ተደርድሯል።

"አንተ የማትነካው ቦታ ይህ ብቻ ስለሆነ ነው" አለች። "መጣሉ ደግሞ አሳዘነኝ። የተውከውን ሁሉ እኔ በላሁልህ።"

ኦይታ መሳቅም ማልቀስም አማረው። እራት ቀረበ፤ ከበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ የተቀቀለ ፎሰሴ፣ ከጎኑ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው የሀለኮ ቅጠል። ጸሎት ተደርጎ አሜን ተባለ። ኦይታ ያን ማታ ጣቱን አልዘረጋም፤ ዓይኑን ከራሱ ሳህን አላነሳም።

ወርቂቱ ሳህኗን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና፣ "በል እንጂ፣ ክፈልልኝ" አለችው።

ኦይታ ጣቱን ዘረጋ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና መለስ አድርጎ፣ ሊታጠብ ተነሣ።