ከስምንት እስከ አስር

ስልኬ እሁድ እሁድ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት እንዳፈጠጥኩበት ይነግረኛል። ዛሬም ቤይሩት፣ ዓይን ኤል ረማነህ ከተከራየኋት ክፍል ወርጄ፣ ከሰፈሩ ዳቦ ቤት ዛዕተር የሚሉት ቅመምና ዘይት የተቀባ ትኩስ መንቁሼ ገዝቼ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስገምጥ ያው መልእክት ብቅ አለ። በቀን አራት ሰዓት ከምናምን ይላል። እንዲያው ምን አገባው? ሰዓት ሲቆጠር በገዛ እጅ፣ በገዛ እስክሪብቶ ነው የሚቆጠረው። ይህን የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። እኔ በሃያ አራት ዓመቴ ሰዓቴን በደብተር የምጽፍ ልጅ ነበርኩ፤ ያ ደብተር ደግሞ አንድ ክረምት ሙሉ የሰው ቤት አምሷል።

ክረምት ስል የቤይሩቱን ነው፤ እኛ አገር አዝመራ ሲሰበሰብ እዚህ ዝናቡ የሚጀምረውን። ያኔ ሲን ኤል ፊል የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማዳም ናዲያ የምትባል ሴት ቤት ለሥራ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ማዳሜ ባሏ የሞተባት፣ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ኮስተር ያለች ግን ክፉ የማትባል ሴት ነበረች። እጇን አንስታብኝ አታውቅም፤ ምግብም አልቆለፈችብኝም። እምቢ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሁድ መውጣትን። ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት፣ ሁለቱንም ጊዜ "ኢንሻላህ፣ እናያለን" አለችኝ። ቤይሩት የኖረ ሰው ያ "ኢንሻላህ" ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የእኛ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው፣ አብረው በልተው ጠጥተው፣ ነጠላቸውን በቦርሳ ሸክፈው እየተሳሳቁ ሲመለሱ እኔ ከበረንዳ ቁልቁል አያቸዋለሁ። ቀናሁ ማለት ይቀለኛል። መንገዱን እስኪታጠፉ ድረስ ከበረንዳው አልንቀሳቀስም ነበር።

የእኔ የምለው ጊዜ አንድ ብቻ ነበር። ማዳሜ ከሱቅ መጥታ ምሳዋን ትበላና መጋረጃውን ዘግታ ለሁለት ሰዓት ያህል ትተኛለች፤ እኔም ያን ጊዜ አርፋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተኛበት ነበር። እኔ ጨዋታ እሠራበት ነበር፤ የስልክ ጨዋታ። አገሬ ሳለሁ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር አንድ ዓመት ተምሬ ነው ትቼው የመጣሁት። ያልጨረሱት ትምህርት ግን አይለቅም። አንድ ቀን ቪዲዮ ሳይ፣ የኮምፒውተር ትእዛዞች እንደ ጡብ ተዘጋጅተው በጣት እየጎተቱ የሚገጣጥሟቸው የጨዋታ መሥሪያ ስልክ ላይ መኖሩን አወቅሁ። ከዚያ ወዲያ ተለከፍኩ በቃ።

ጨዋታዬን "ዝናብ መጣ" አልኩት። በረንዳ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ደመና ይመጣል፣ ዝናቡ ሳይጥል ልብሱን በጣትሽ እየነካሽ ታስገቢያለሽ። ነፋስ ሲነሳ ካልሲው ይበራል፣ አንሶላው ገመዱ ላይ ይጠመጠማል፣ የጎረቤት እርግብ መጥታ ነጩ ሸሚዝ ላይ ጉዷን ትሠራለች። ማንም ይሳቅ፣ እኔ የማውቀውን ነው የሠራሁት። አንሶላውን በነፋስ ለማርገብገብ ብቻ አስራ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ይህን በትክክል የማውቀው ስለጻፍኩት ነው። ቪዲዮው ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ፣ "እንጀራችሁ ሌላ ሥራ ከሆነ ለዚህ የምትሰጡትን ሰዓት ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ምንም የሠራችሁ ስለማይመስላችሁ ትተዉታላችሁ" ይል ነበር። እውነቱን ነው። ሁሌ በደከመኝ ቁጥር ድምሩን አይና እበረታለሁ። "ከ8 እስከ 10፣ አንሶላ። ከ8 እስከ 9፡30፣ እርግብ።" ደብተሩን የማስቀምጠው ወጥ ቤት፣ ከሩዝ ጣሳው ጀርባ ነበር። መቶ ሰዓት የሞላ ዕለት ፖም ልጬ፣ ቆራርጬ፣ ሳህን ላይ ደርድሬ ለራሴ አቀረብኩ። ድግስ መሆኑ ነው።

ማታ ማታ ደግሞ የቤቱ ሌላ ሥራ ይጀመራል። የማዳሜ ጓደኞች ካርታ ሊጫወቱ ይመጣሉ፤ ፍሬ መላጥ፣ ለውዝ ማቅረብ፣ የበሉበትን ማንሳት፣ ማጠብ፣ እንደገና ማቅረብ። አንድ ሐሙስ ማታ እጄን ሳሙና ውስጥ እንደከተትኩ ማዳሜ ወጥ ቤት ገባች።

"ኸላስ፣ በቃ ስንዱ፣ ግቢና እረፊ። እኔ አጥበዋለሁ።"

ሦስት ዓመት ሙሉ እስፖንጅ ስትነካ አይቻት የማላውቅ ሴት ጓንት አጥልቃ ሳህን ማጠብ ጀመረች። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሰልስቱም እንዲሁ። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ፤ ፈራሁ። ማዳም በድንገት ደግ ስትሆን ሻንጣሽን አዘጋጂ ነው በእኛ ዘንድ ወጉ። ወደ መክተብ፣ ማለት ወዳስመጣኝ ቢሮ ልትመልሰኝ ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ጉዱን የነገረችኝ ወርቅነሽ ናት። ወርቄ ከፊት ለፊታችን ያለው ሕንፃ ላይ ትሠራለች፣ በአስር ዓመት ትበልጠኛለች፣ ልብስ ስናሰጣ በረንዳ ለበረንዳ እናወራለን። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ጾም በገባ ቁጥር ትተርበኛለች። የእሷ ማዳም ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዷ ነበረች።

"አንቺ፣ ምን ጉድ ነው የሠራሽው?" አለችኝ የትራስ ልብስ እያራገፈች።

"ምን ሠራሁ?"

"ማዳምሽ ደብተርሽን አግኝታዋለች። 'በየቀኑ ከስምንት እስከ አስር ያሠራኋትን እየጻፈች ነው፣ ልትከሰኝ ነው' ብላ ለእኔዋ ስታለቅስላት ነበር። እውነት ነው እንዴ?"

መጀመሪያ ግራ ገባኝ፣ ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቄ ቆመ። ማዳሜ አማርኛ አታነብም፤ ቁጥሩን ግን ታነባለች። የእኔ ስምንት ሰዓት እሷ የምትተኛበት ከሰዓት በኋላ ነው። የእሷ ስምንት ሰዓት ደግሞ ማታ፣ እኔ ሳህን አጠገብ የምቆምበት ነው። እኛ ሁለት ሰዓት ስንል እነሱ ስምንት ይላሉ፣ እኛ ስምንት ስንል እነሱ ሁለት። በእኔ ሰዓት የጻፍኩትን ጨዋታ በራሷ ሰዓት አንብባ፣ የራሷን ጥፋት አገኘችበት። ያላጠፋ ሰው ግን እንዲህ በቁጥር ብቻ አይደነግጥም።

"ልንገራት" አልኩ።

"እንዳታደርጊው። ዝም አይነቅዝም። ውሸት አልተናገርሽ፣ ምን ቸገረሽ? ጌታ የከፈተውን በር አንቺ ምን ቆርጦሽ ነው የምትዘጊው?"

"ጴንጤ ሆነሽ እንዲህ ትመክሪኛለሽ?"

"ያኒ፣ ወንጌል ላይ ስንዱ ሳህን ትጠብ የሚል የለማ" አለችና ገባች።

ዝም አልኩ። ሦስት ሳምንት። እውነቱን ልናገርና ከሕይወቴ ጣፋጭ ሳምንታት እነዚያ ናቸው። ማታ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍሌ አልጋዬ ላይ ተኮራምቼ እሠራለሁ፤ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ የሰፈሩ ጄኔሬተር ያንጎራጉራል፣ ማዳሜ ደግሞ ወጥ ቤት ሳህን ታንኳኳለች። አንዳንዴ ወገቧን ይዛ ስትተነፍስ እሰማና ኅሊናዬ ይቆጠቁጠኛል። አንዳንዴ ደግሞ፣ ኃጢአቴን ልናዘዝ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሰዓቱንም እንደ ልማዴ ጻፍኩ። "ከ2 እስከ 4፣ የዝናብ ድምፅ። ከ2 እስከ 4፣ ደመና።" ሌላ ቦታ መደበቅ እንኳ አልመጣልኝም።

አንድ ቅዳሜ ማዳሜ ምሳዋን በልታ ሳትተኛ ቀረች። ወጥ ቤት ጠራችኝ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"ከስምንት እስከ አስሩስ ይሁን። አሠርቼሻለሁ፣ አልክድም። አሁን ደግሞ ከሁለት እስከ አራት? በዚያ ሰዓት እኮ እኔም እተኛለሁ፣ አንቺም ታርፊያለሽ። ሐራም ነው ስንዱ። ውሸት ጽፈሽብኛል።"

ዓይኔን ደብተሩ ላይ ተከልኩ። እሷ ይህን እንደ እልህ ቆጠረችው መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ስሚኝ። እሁድ ውጪ። በየሳምንቱ ውጪ፣ ኸላስ። ይሄን ደብተር ግን ቅደጂውና ለማንም አታሳዪ።"

እሁድ። ሦስት ዓመት የተመኘሁት እሁድ እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከደብተሩ አጠገብ ተቀመጠልኝ። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ወረቀት መቅደድ ብቻ ነበር። የዛሬዋ ስንዱ ብትሆን ወረቀቱን ቀዳ፣ ጥላ፣ ነገ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ትወጣ ነበር። የሃያ አራት ዓመቷ ስንዱ ግን "ውሸት" የምትለው ቃል ላይ ተሰንቅራ ቀረች። እዚያ ደብተር ላይ አንዲት የውሸት ደቂቃ አልነበረችም። መቶ ሰማንያ ሰባት ሰዓት፣ እያንዳንዷ የእኔ። ተናደድኩ፣ እንባዬም መጣ።

"ውሸት አይደለም ማዳም። የእኛ ሰዓት ነው" አልኩና ወደ ግድግዳው ሰዓት አሳየኋት። እኛ ፀሐይ ከወጣችበት ጀምረን እንደምንቆጥር፣ በስድስት ሰዓት እንደምንለያይ፣ ጣቷን አስይዤ እያስቆጠርኩ አስረዳኋት። ከዚያ ስልኬን አምጥቼ ጨዋታውን ከፈትኩላት። መነጽሯን አደረገች። ደመናው መጣ፣ ሸሚዙን ነካችና ገባላት፣ ካልሲው በረረባት።

"ይሄ የእኔ በረንዳ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ ማዳም።"

"እና ይሄን ሁሉ ሰዓት የጻፍሽው... ለጨዋታ?"

ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ግንባሬን ሳመችኝ፤ "ብራቮ ስንዱ፣ ብራቮ" አለች። ሸክም የወረደለት ሰው ሳቅ ነው፣ አልፈርድባትም። ያን ዕለት ማታ በእሷ ስምንት ሰዓት ከሳሎን ድምፅዋ መጣ፤ "ያላ ስንዱ፣ ሳህኖቹ!" እጄን እያደራረቅሁ፣ እሁድ ያለችኝስ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። ካርታዋን ሳትለቅ መለሰችልኝ። "ኢንሻላህ፣ እናያለን።"

ወርቄ ስትሰማ የምታሰጣውን ልብስ ቅርጫት ውስጥ መልሳ ወረወረችው። "እሁድን በካልሲ ለወጥሽው" አለችኝ። ሌላም ብዙ ተናግራለች፤ ይህችኛዋ ግን አጥንቴ ውስጥ ገባች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ። በማዳሜ አልነበረም ያዘንኩት፣ በራሴ ነው። እውነት ተናግሬ እንዴት ተቀጣሁ እያልኩ ተቃጠልኩ።

በማግስቱ ደብተሩን አነሳሁና ከኋላ በኩል አዲስ ገጽ ገለጥኩ። ለምን እንዳደረግሁት ያኔ ቢጠይቁኝ አልመልስም ነበር፤ ምናልባት እጄ ስለለመደ ነው። "ከ2 እስከ 4፣ ሳህን። ከ2 እስከ 5፣ እንግዳ። ከ2 እስከ 4፡30፣ ሳህን።" ከፊት ጨዋታው፣ ከኋላ ይሄኛው። ሲያልቅ እዚያው ጣሳው ጀርባ እመልሰዋለሁ።

ወር ገደማ ሲሆነው፣ ልብስ አስጥቼ ከበረንዳ ስገባ ማዳሜ ወጥ ቤት ቆማ አገኘኋት። የኋላውን ገጽ ገልጣ በጣቷ ትቆጥራለች፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለች፣ ስድስት ጣት እያጠፈች። ሰዓታችንን ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ አሁን ራሷ ታነባለች።

"ይሄም ጨዋታ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም ማዳም። ይሄ ሳህን ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ደብተሩን ዘግታ በቦታው መለሰችና ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ሻንጣዬን በሐሳቤ መሸከፍ ጀመርኩ። ቅዳሜ ማታ በሩ ላይ ቆማ፣ "ነገ ውጪ፤ በአምስት ሰዓት ግን ተመለሺ" አለችኝ። አምስት ሰዓት ስትል በእኔ ነው በአንቺ ብዬ ጠየቅኋት። "በእኔ" አለች፤ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። ከዚያ ወዲያ ያን ቤት ለቅቄ እስከሄድኩ ድረስ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ወጥቻለሁ። ጀግና መሆኔን ልነግራችሁ አይደለም። ሌላ ማዳም ብትሆን በማግስቱ ለመክተብ ታስረክበኝ ነበር፤ የእኔዋ መፍራትም ማፈርም የምታውቅ ሆና ነው።

ጨዋታው በሁለት መቶ አስራ አንድ ሰዓት አለቀ። አገር ቤት ያለችው እኅቴ አንድ ሳምንት ተጫወተችውና ሰለቻት፤ አልከፋኝም። አሁን ሰው ቤት የምሠራው በሰዓት ነው። ስገባ ሰዓቱን እናገራለሁ፣ ስወጣም እናገራለሁ፣ ማንም አይደነግጥም። አንዳንዴ ግን ከሥራ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ደብተሩ ከመጀመሩ በፊት ያሉት ማታዎች ትዝ ይሉኛል። ለአንድ ካልሲ መብረር ስንት ሰዓት እንዳጠፋሁ ዛሬም አውቃለሁ። እነዚያን የመጀመሪያ ዓመታት ግን እሷም በሰዓቷ አልጻፈቻቸውም፣ እኔም በሰዓቴ አልጻፍኳቸውም። ስንት ሰዓት ነበሩ ብባል አላውቅም።