ማንም ያልቀመሰው ቸኮሌት

ካርቱም በኖርኩባቸው ዓመታት ያላናደደኝ ነገር የለም። ሙቀቱ ያናድደኛል፣ በቀትር ጥፍት የሚለው መብራት፣ ካህራባው፣ ያናድደኛል፣ «ውረጂ» ሳይለኝ ፌርማታዬን የሚያሳልፈኝ የሃፍላ ኩምሳሪ፣ የአውቶቡሱ ረዳት፣ ያናድደኛል። እንደዚያ ቸኮሌት ያቃጠለኝ ግን የለም። ዛሬም ሱቅ ውስጥ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት ሳይ አንጀቴ ያራል። ሰዎች ጣፋጭ የማልወድ ይመስላቸዋል። እወዳለሁ። ነገሩ ሌላ ነው።

የምሠራው አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ውስጥ ነበር። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ኋላ ስለማልናገርላት ይህን አስቀድሜ ልናገርላት። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ታላቋ ዩኒቨርሲቲ የገባችና ለጋብቻ የታጨች ናት፤ ታናሿ ደግሞ ታላቋ በሳቀችበት ሁሉ የምትስቅ።

በረመዳን የዚያ ቤት ምላስ እኔ ነበርኩ። የሾርባው ጨው፣ የጭማቂው ስኳር፣ ሁሉም በእኔ አፍ ያልፋል። «ያላ፣ ቅመሺና ንገሪኝ» ትላለች ማዳም፤ ቀምሼ እነግራታለሁ። እነሱ ሲጾሙ ክርስቲያኗ ሐበሻ ትቀምሳለች፣ በቃ። በየቤቱ የሚሠሩ ጓደኞቼም እንዲሁ ናቸው። ክፋት አለው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያን ዓመት ግን ረመዳን ከአጋማሹ አልፎ ሳለ ፍልሰታ ገባ። ሁለቱ ጾሞች ነሐሴ ላይ ተገናኙ። በመጀመሪያው ቀን ማዳም እንደ ወትሮዋ ማንኪያ ስትዘረጋልኝ «ዛሬ እኔም ሷይማ ነኝ፣ ጾመኛ ነኝ» አልኳት።

ሳቀች። «ትናንት ቀምሰሽ የለም እንዴ? በአንድ ሌሊት ሰለምሽ?»

«የእኛ ጾም ዛሬ ገባ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም የለ።»

«ከዘጠኝ በኋላስ?»

«ከዘጠኝ በኋላ ፉል እበላለሁ።»

«ፉል!» አለችና ወደ ልጆቿ ዞረች። «ሰማችሁ? ፉል እየበላች ጾመኛ ነኝ ትላለች።» ሦስቱም እየተያዩ ሳቁ።

እኔ መቼ ነው በእነሱ ጾም የሳቅሁት? በረመዳን ውሃ እንኳ ሲጠማኝ፣ አይተው እንዳያምራቸው ብዬ ጓዳ ገብቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምጠጣው። ስንት ዓመት እንደ ሌባ ተደብቄ ውሃ ጠጥቼ፣ የእኔ ጾም ሲመጣ መሳቂያ ይሁን? እህህ ብዬ ዋጥኩት። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው።

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን እዚያው ይቀር ነበር። ልጄ ገባችበት።

ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። እዚያው ካርቱም ተወልዳ፣ ሶባ በምንኖርበት ግቢ ከሱዳን ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ያደገች ናት። ሕልሟን እንኳ በአረብኛ ነው የምታወራው፤ አማርኛዋ ገና ጥርስ እንደሚያወጣ ሕፃን ነው። አገር ቤት ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። ሰፈሩ ሙሉ ሕፃን ነጠላውን አጣፍቶ ሲያስቀድስ፣ ሲቆርብ፣ «እኔ እስከ ዘጠኝ ጾምኩ፣ አንተ እስከ ስድስት» እየተባባለ ሲፎካከር ይሰነብታል። ልጄ ይህን አላየችም። እኔም አላስገደድኳትም። ያን ዓመት ግን ቤተ ክርስቲያን ያገኘቻቸውን ልጆች አይታ ራሷ መጣች። «ማማ፣ እኔም እጾማለሁ። በመጨረሻው ቀን እቆርባለሁ» አለችኝ።

ከወተት ጋር ያደገች ልጅ ወተቷን ተወች። እስከ ስድስት ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ትቆይና ሽሮዋን በዳቦ ትበላለች። ማታ ማታ ስትተኛ «አልፈረሰም አይደል?» ትለኛለች። «አልፈረሰም» እላታለሁ፣ ደስ ብሏት ትዞራለች። ነጭ ቀሚስ አሰፍቼላት በር ላይ ሰቅላዋለች። ልጄ ከእኔ አገር የምትወርሰው ነገር ኖሮ አያውቅም ነበር፤ አሁን አንድ ነገር አገኘች፣ በራሷ ፈቃድ። እንዴት እንደኮራሁባት!

ከዒድ በፊት ያለው ጁምዓ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ማዳም ደወለች። ታላቋ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ የቸኮሌት አሠራር አይታ፣ ዘንድሮ ለዘመድ ሁሉ በእጄ የሠራሁትን ነው የማድለው ብላለች። «ለቤተሰብ መዝናኛ ነው። ልጅሽንም ይዘሻት ነይ፣ ትጫወታለች» አለችኝ። የእነሱ መዝናኛ የእኔ ዕቃ አጠባ እንደሆነ እያወቅሁ ሄድኩ።

ስንደርስ ወጥ ቤቱ ተገለባብጧል። ካካዎ፣ የወተት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ለውዝ፣ አክስታቸው ከዱባይ ያመጣችላቸው የልብና የኮከብ ቅርጽ ማውጫ፣ ወርቃማ ወረቀት፣ ሪባን። ምኑ የት እንዳለ ላሳያቸው ብዬ ስገባ ታላቋ በሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ላ፣ ላ፣ ይህ የእኛ ነው። አንቺ ልብሱን ተኩሺ፤ ስንጨርስ ለዕቃው እንጠራሻለን።»

ሄጄ ተኮስኩ። ልጄን ወጥ ቤት ደጃፍ አስቀምጠው ወርቃማውን ወረቀት በጣቷ እየዳመጠች እንድታቀብላቸው አደረጉ። ደስ ብሏት ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ሳቃቸው እኔ ድረስ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ካህራባው ጠፋና ካውያው በእጄ ቀዘቀዘ። ወጥ ቤት ውስጥ ጩኸት ሆነ፤ ቸኮሌቱ ሊቀልጥባቸው ነው፣ ቶሎ ተጠቅልሎ ይታሰር ተባለ። ታላቋ አንዱን ይዛ መጣች።

«ቅመሺልን፣ ስኳሩ ይበቃል?»

«ጾመኛ ነኝ ብያችኋለሁ። ደግሞ ወተትና ቅቤ አለበት።»

«ኡፍ!» ብላ ተመለሰች። እኔም የደረቀ ልብስ ላወርድ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ተመልሼ ስገባ ልጄ በሩ ሥር ቆማለች። ጉንጯ ተወጥሯል። ከንፈሯን ግጥም አድርጋለች፤ በከንፈሯ ጥግ ቡናማ ነገር ይወርዳል፣ ዓይኗ በእንባ ሞልቷል። ታላቋ ትስቃለች። «መስኪና! አጎረስኳት፣ በደስታ አለቀሰች።»

ልጄ መዋጥ አልቻለችም፤ ጾም ነው። መትፋትም አልቻለችም፤ ትልቅ ሰው ያጎረሰሽ አይተፋም፣ ነውር ነው ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። መሀል ላይ ቆማ እኔን ትጠብቃለች። መዳፌን አፏ ሥር ዘረጋሁና «ትፊው» አልኳት። ተፋችው።

ማዳም ከሳሎን መጣች። «ቸኮሌት ይተፋል? ልጆቼ በጾም አፋቸው ሲለፉ የዋሉበትን?»

ደሜ ፈላ። አረብኛ አንቱ የሚባል ነገር የለውም፣ ለቁጣ ይመቻል። «የአንቺ ታናሽ ልጅ የመጀመሪያ ጾሟን ስትጾም፣ ከማግሪብ በፊት አፏ ውስጥ ተምር ብከትባት ምን ትይኝ ነበር?»

«ያ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ያ ጾም ነዋ!» አለችኝ።

ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። ልጄን ጓሮ ወስጄ በቧንቧ አፏን አጠብኩላት። ደጋግማ ተጉመጠመጠች፤ በቃሽ ብላትም አልተወችም። ከዚያ ተመልሼ ያን ሁሉ በቅቤ የተለወሰ ድስት አጥቤ ወጣሁ። ሥራ ነዋ።

ሃፍላ ላይ ወደ ሶባ ስንመለስ «ከእሱ ዋጥሽ?» አልኳት።

«አልዋጥኩም።»

«እንግዲያው አልፈረሰም።»

 ወደ መስኮቱ ዞራ እስክንደርስ ዝም አለች። ደንግጣ ነው ብዬ ተውኳት።

በዒድ ማግስት ሥራ ስገባ ቤቱ የለቅሶ ቤት መስሏል። ቸኮሌቱ በሪባን ታስሮ፣ ኦምዱርማን ላሉ ዘመዶች ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ለታላቋ እጮኛ ቤተሰብ ተልኳል። የእጮኛዋ እናት በእንግዶቻቸው ፊት አንዱን ፈትተው ነክሰው፣ እዚያው መሐረባቸው ላይ ተፍተውታል። ጨው ነው! እኔ ለከዕክ፣ ለዒድ ብስኩት፣ ብዬ ፈጭቼ ያስቀመጥኩት ስኳርና ደቃቁ ጨው አንድ ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ ነበሩ፤ ታላቋ የጨዉን አንስታ ገልብጣዋለች። እነሱ ቀን ጾመኞች፤ ማታ ደግሞ «ለዘመድ አይበቃም፣ አንድም እንዳትነኩ» ብላ እናታቸው ከልክላቸዋለች። እንዲህ ሆኖ ማንም ሳይቀምሰው ከተማውን ዞረ።

ጥፋቱ የማን ይመስላችኋል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። «ቅመሺ ስትባይ ብትቀምሺ ኖሮ ልጄ አትዋረድም ነበር» አለችኝ ማዳም። «ሆን ብለሽ ነው። ምን ነበር አንድ ጊዜ ብትቀምሺ?» ታላቋ አልጋዋ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፣ ታናሿ ዓይኗን ታጉረጠርጥብኛለች። ከወጥ ቤት ያስወጡኝ እነሱ፣ በጾሜ የሳቁ እነሱ፣ ጥፋተኛዋ እኔ! ማታ ቤቴ ገብቼ ለጎረቤቴ እየጮህኩ ስተርክላት ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። ትንፍሽ አላለችም።

በነሐሴ አሥራ ስድስት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ቆረበች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከቤተ መቅደስ ስትመጣ ሳያት ያ ሁሉ ቁጣዬ ለአፍታ ጠፋኝ። ቤት ገብተን፣ ጾሙን ስንፈታ፣ የናፈቃትን ወተት በትልቅ ብርጭቆ ሰጠኋት። ጠጥታ ጨረሰችና ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ማማ፣ አሁን ብናገር አይፈርስም?»

«ምኑ?»

«ጾሙ።»

«ጾሙማ አለቀ፣ የኔ እናት።»

«ያ ሹኩላታ… ሚልሕ ነበር። ጨው። በጣም ብዙ ጨው።»

ክው አልኩ። ለካ ያ እንባ የደስታም የድንጋጤም አልነበረም። ልጄ አፏ በጨው እየተቃጠለ ነው በሩ ሥር ቆማ የጠበቀችኝ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ይህን እንዴት አታውቂም በሚል ዓይን እያየችኝ፦ «ጨው ነው ካልኩ ቀምሻለሁ ማለት ነው። ከቀመስኩ ደግሞ አልቆርብም» አለችኝ።

አቅፌያት ሳቅሁ፣ ወዲያው አለቀስኩ፣ ከዚያ እንደገና ተናደድኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስናደድ አደርኩ።

በማግስቱ ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ሁለቱን ጠርሙሶች እያየች ያንኑ ታነሳለች። «ወላሂ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ቀምሶት ቢሆን!»

«ልጄ ቀምሳዋለች» አልኳት።

ቀና አለች። «ጨው እንደሆነ አውቃ ነበር?»

«አውቃ ነበር።»

«አውቃ ዝም አለች? ለምን?»

«ጾመኛ ናት እኮ» አልኳት።