ሳራቺኔስካው ከታች ነው

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ጸዳለ ልጇን ሰሎሜን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ስለሚመጡባት ከጠዋት ጀምራ ሽር ጉድ ትል ነበር። ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 1996 ነው። ባሏ አዲስ አበባ ከሞተ ወዲህ ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች፣ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራ፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት።

የምትኖረው ኬንቲሽ ታውን፣ ካውንስሉ የሚሉት የወረዳው አስተዳደር ለሁለት በከፈለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ላይኛው የእሷ፣ ታችኛው የሲኞራ ኢዳ። ሲኞራ ኢዳ በወጣትነታቸው ከጣሊያን አገር መጥተው እዚሁ ለንደን ያረጁ፣ ባላቸውንም እዚሁ የቀበሩ ሴትዮ ናቸው። ሁለቱ ጎረቤታሞች የሚነጋገሩት በመጥረጊያ እንጨት ነበር። ላይ ቤት ኮቴ ሲበዛ ሴትዮዋ ጣራቸውን በእንጨቱ ይደበድባሉ። ጸዳለም እልህ ሲይዛት ሆን ብላ ተረከዟን ታንኳኳለች።

የዚያን ቀን ታዲያ ጸዳለ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከወዲያ ወዲህ ስትል፣ ትልቁ ድስት ትዝ አላት። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ከነበረው ሳጥንና ባልዲ መሐል ተሸጉጧል። እጀታውን ይዛ ሳብ አደረገችው፤ እምቢ አላት። በሁለት እጇ ጎተተችው። ድስቱ ወጣ፤ አብሮት ግን የቧንቧው መጋጠሚያ ተፈናቀለና ውኃው ግድግዳው ላይ ተፈነጠቀ።

«ሰሎሜ! ኧረ ድረሺልኝ!»

ሰሎሜ ፀጉሯን ግማሹን ተሠርታ፣ ግማሹን በትና እየሮጠች መጣች።

«ኦ ማይ ጎድ! ማሚ፣ ስቶፕኮኩን ዝጊው እንጂ!»

«የቱን?»

«ውኃው የሚዘጋበትን! የት ነው ያለው?»

ጸዳለ ቤቱን ስትረከብ ማሞቂያው እንዴት እንደሚበራ አሳይተዋት ነበር። ውኃው የት እንደሚዘጋ ግን የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከማጠቢያው ሥር አንዲት ትንሽ መዝጊያ አገኘችና ጠመዘዘቻት፤ ብትዞርም ውኃው ደንታም አልሰጠው። ሰሎሜ የቆጣሪውን ቁም ሣጥን በረበረች፣ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ወጣች። ካውንስሉ ጋ ብትደውል ስልኩ ሙዚቃ ብቻ ያሰማል። እናትና ልጅ ያላቸውን ፎጣ ሁሉ መሬት ላይ አነጠፉት፤ ፎጣው ዋኘ።

ያኔ ነው ከታች የመጥረጊያው እንጨት የተሰማው። እንደወትሮው ሁለት ሦስት ጊዜ መትቶ ዝም አላለም፤ ያለማቋረጥ ይደበድባል።

«ወይኔ! ሴትዮዋ ላይ እየዘነበባቸው ነው!» አለች ጸዳለ፤ ጫማም ሳታደርግ ደረጃውን ወረደች።

ሲኞራ ኢዳ በሩን የከፈቱት ዣንጥላ ዘርግተው ነው፤ በገዛ ቤታቸው ውስጥ። በቁጣ እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው በጣሊያንኛ ያንበለብሉታል። የጸዳለም እንግሊዝኛ ድንጋጤው ጠርጎ ወስዶታል። ሰሎሜ አሁን የነገረቻት ቃል እንኳ ከአእምሮዋ ጠፋ። የመጣላት ባሏ ጉለሌ ቤታቸውን ሲሠራ ከጣራ ላይ ሆኖ ይጮኽባት የነበረው ቃል ብቻ ነው።

«ሳራቺኔስካ!» አለች እጇን በአየር ላይ እያዞረች። «ሳራቺኔስካው የት ነው?»

ሴትዮዋ ዣንጥላቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ላ ሳራቺኔስካ?»

«አዎ፣ ሳራቺኔስካ!»

«ሲ! ሲ! ቬኒ!» ብለው ክንዷን አፈፍ አደረጓት። ጸዳለ ቃሉን ከተወለደች ጀምሮ አማርኛ ነው ብላ ስለምታስብ፣ ሴትዮዋ አማርኛ የት ተማሩ ብላ ተገረመች።

የሁለቱም ቤት ውኃ የሚዘጋው ለካ ከሲኞራ ኢዳ ማድቤት፣ ከማጠቢያቸው ሥር ኖሯል። የቲማቲም ጠርሙሶቻቸውን አንድ በአንድ አወጡና ሁለቱም በሆዳቸው ተኙ። ሳራቺኔስካው ለዓመታት የነካው ስለሌለ ደርቋል። ጸዳለ ወደ ቀኝ ታዞራለች፣ ሴትዮዋ ወደ ግራ፤ ከላይ ውኃው ጀርባቸው ላይ ይንጠባጠባል። ጸዳለን መጀመሪያ ሳቅ አፈናት፤ ከዚያ መቻል አቃታት። ሴትዮዋ ዞረው በቁጣ አዩዋት፤ ወዲያው እሳቸውም በሳቅ ፈረሱ።

«ወደ ቀኝ፣ ሲኞራ፣ እባክዎን!»

ሴትዮዋ ሽርጣቸውን ፈትተው እጀታው ላይ ጠመጠሙት። «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ!» አሉ። አብረው ጠመዘዙት። ሲጥ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ደግሞ ሲጨምሩበት ዞረ።

«ማሚ! ቆመ!» አለች ሰሎሜ ከላይ።

በዚህ መሐል የውጭው በር ተንኳኳ። ጸዳለ ከነእርጥብ ቀሚሷ ወጥታ ከፈተች። ሽማግሌዎቹ ሱፍ በሱፍ ሆነው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከፊት ያሉት አቶ ኃይለመለኮት ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ምነው ልጄ? ደህና አይደላችሁም?»

«ደህና ነን፣ ጋሼ። ውኃ ፈንድቶብን ነው፤ ላይ ቤት መቀመጫ የለም» አለች፤ ዕንባ ሊመጣባት ምንም አልቀራት።

ሲኞራ ኢዳ ከኋላዋ ብቅ አሉ። ሰዎቹን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ ፀጉሯ ግማሹ የተሠራውን ሰሎሜን ደረጃው ላይ አዩ። ማንም ሳያስረዳቸው ነገሩ ገባቸው። የሳሎናቸውን በር ወለል አድርገው ከፈቱና፣ «ግቡ፤ እዚህ ደረቅ ነው» አሉ በእንግሊዝኛ።

ሽማግሌዎቹን አብሯት ሊቀበል የነበረው የጸዳለ ወንድም ከዊልስደን ሰፈር ገና አልደረሰም፤ አውቶቡሱ ዘግይቶበታል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከእናትየዋ ጎን ሰው ካልተቀመጠ አንናገርም አሉ። ሲኞራ ኢዳ ቀሚሳቸውን ለውጠው መጡና ጸዳለ አጠገብ ቁጭ አሉ። አቶ ኃይለመለኮት ተነሥተው ጊዲዮን የሚባል ልጃችን ሰሎሜን ወዶ ልኮናል፣ ልጃችሁን ስጡን ሲሉ፣ ሰሎሜ ለሲኞራ ኢዳ በጆሯቸው ተረጎመችላቸው።

«ጠባዩስ?» ሲሉ ጠየቁ ሴትዮዋ ኮስተር ብለው። «ሥራ ይወዳል? ይጠጣል?»

አቶ ኃይለመለኮት እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቁም። ግን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛውን ትተው፣ «ፍሬኖ አለው፣ ሲኞራ! ፍሬኖ ቡዎኖ!» አሏቸው፤ ልጁ ራሱን መግታት ያውቃል ለማለት። ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላማ የሽምግልናው ነገር ተረሳ፤ ሁለቱ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንቸሎ እየተባባሉ አማርኛ ከጣሊያንኛ የወሰዳቸውን ቃላት ሲለቃቀሙ፣ ወንድሟ እያለከለከ ደረሰ። እህቱን እርጥብ፣ ሽማግሌዎቹን ሲኞራ ኢዳ ለምሳ ሠርተውት የነበረውን ፓስታ ሲበሉ አገኛቸው።

መልሱ እንደ ወጉ ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ ግን የሁሉም ፊት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ሰኞ የካውንስሉ ሠራተኛ መጥቶ መጋጠሚያውን ጠገነ። ሳራቺኔስካውንም በአዲስ ለወጠና ለጸዳለ አዘጋጉን አሳያት። ለእሷ ብቻ የሚሆን ሌላ መዝጊያ ላይ ቤት ላስገባልሽ ወይ ቢላት፣ «አስገባልኝ፤ የታችኛውን ግን አታንሳብኝ፤ መውረጃ ምክንያቴ ነው» አለችው። ሰውየው አልገባውም፤ ትከሻውን ነቅንቆ ሥራውን ቀጠለ።

በነሐሴ መጨረሻ በተደረገው ሠርግ ላይ ሲኞራ ኢዳ የተቀመጡት ከሙሽራዋ ዘመዶች ጋር ነው። ጸዳለ ያሰፋችላቸውን የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ባለ ተረከዝ ጫማቸውን ጠረጴዛ ሥር አውልቀው፣ አቶ ኃይለመለኮት ፊት ትከሻቸውን ሲሰብቁ ያየ ሁሉ አጨበጨበላቸው።