ዳንቴል ለብሶ ሃያ ዓመት

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። አባባ በደርግ ጊዜ ለመምህራን ስልጠና ውጭ አገር ሄደው ሲመለሱ ያመጡት ኮምፒዩተር፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ምሥራቅ ሰፈር ባለው ቤታችን ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ ሃያ ዓመት ያህል ተቀመጠ። አንድም ቀን አልበራም። «የዚህ አገር መብራት ያቃጥለዋል» ይሉናል። እንግዳ ሲመጣ ግን የዳንቴሉን ጫፍ ገለጥ አድርገው፣ «እዚያ ሳለሁ ሌት ተቀን የምሠራበት ነበር» ይላሉ። ስምንት ዓመቴ ላይ አንዲት ፊደል ብጫን በማስመሪያ እጄን ጠበጠቡኝ።

በዚያው እልህ ኤሌክትሮኒክስ ተማርኩ። ባህል አዳራሽ አካባቢ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ከፍቼ የአገሩን ሁሉ ዕቃ ስጠግን፣ የቤታችንን ዕቃ ዞር ብዬም አላየው።

ኋላ አባባን ዓይናቸውን አመማቸው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ እይታዎ እየጠበበ ይሄዳል አላቸው። የዚያኑ ሰሞን ጠሩኝና፣ «ዓይኔ ሳይጠፋ ያንን ኮምፒዩተር አብሪልኝ» አሉኝ።

አሁን? ወይ ጉድ! እምቢ ልል አሰብኩ፤ አንጀቴ አልቻለም።

ሰው ዕቃ ሲቀመጥ የሚያርፍ ይመስለዋል። የት አባቱ ያርፋል! የሐይቁ እርጥበት ያዝገዋል፣ ጉንዳን ይሰፍርበታል፣ ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ በርሜል መሳዮች ውስጣቸው ይደርቃል። እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ በአንድ ጊዜ ሙሉ ኮረንቲ ከለቀቁበት አለቀ፣ ጭስ ነው። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሁሉ እየነገርኩት፣ «ኧረ ዝም ብለሽ ሰኪውና ይለይልን!» ብሎ ማራዘሚያ ገመድ አነሣ። በካቻቢቴ እጀታ እጁን አቀመስኩት።

«አንቺ እኮ አባባን ሆነሻል» አለኝ እጁን እያሻሸ። እውነቱን ስለነበር የባሰ ተናደድኩ።

ኮረንቲ የሚያቀብለውን ጥቁር ሳጥን ፍለጋ ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀለውን፣ ኮምፒዩተሩ የመጣበትን ካርቶን አወረድኩ። ሳጥኑ ላስቲክ ውስጥ ነው። የላስቲኩ ማሸጊያ አልተቀደደም፤ ገመዱም ከፋብሪካ እንደወጣ እንደታሰረ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት። ታዲያ ሌት ተቀን በምን ሠሩበት? ያ ሁሉ እንግዳ፣ ያ ሁሉ ወሬ፣ የእኔ እጅስ! ላስቲኩን በጥርሴ ቀድጄ ሳጥኑን አወጣሁና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ኮምፒዩተሩን ፈታሁ፣ በብሩሽ ጠረግሁ፣ የደረቁትን ካፓሲተሮች ቀየርኩ። ሳጥኑን ለብቻው፣ በሶኬቱና በሱ መሐል አምፖል አስገብቼ ሞከርኩት። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ እንዳለ ይቀራል፣ ጉልበቱን እሱ ይውጠዋል። ቦግ አለና ደበዘዘ፤ ደህና ነው። የሚያወጣውን ቮልት በቴስተር ለካሁ፣ ልክ ነው። መብራት በፈረቃ ስለነበር እዚህ ላይ ጠፋ፤ ተራችን እስኪመለስ ጠበቅሁ። እንደመጣም አልሰካሁም፤ ሲመጣ ኃይለኛ ነው፣ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ከዚያ የራሱ ስክሪን ስለሌለው ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ማብሪያውን ጫንኩ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች።

አባባ ወንበራቸውን ስበው ፊታቸውን ስክሪኑ ላይ ሊለጥፉት ደረሱ። እኔ ግን ቂሜን ይዤ ነው የቆምኩት።

«ሌት ተቀን ሲሠሩበት አልነበር? እስቲ ስምዎን ይጻፉ» አልኳቸው።

ጣታቸው ፊደሎቹ ላይ ተንከራተተና ተመለሰ።

«በሽልማት ነው የሰጡኝ። አከፋፈቱን ያሳየኝ የለም» አሉ ቀስ ብለው። «መምህር ነኝ፤ ማንን ልጠይቅ?»

«እኔን!» ብዬ ጮህኩ። «እኔን አይጠይቁም? ለዚህች ብለው ነው እጄን የመቱኝ?»

አባባ ጎንበስ ብለው የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ፈለጉ፤ ብዙ ቆይተው አገኟት። ጣታቸውን ከላይዋ እንዳንጠለጠሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጫን?» አሉኝ።