የመጨረሻውን ገጽ የለወጥኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ስለ ጾም ይጠይቁኛል፣ ስለ ሐሜት ይጠይቁኛል፣ ስለ ልብወለድ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ካልተጠየቅሁ ብዬ ዝም አልኩ። ለእናንተ ለማላውቃችሁ ልናገር። በማያውቁት ሰው ፊት ማፈር ይቀላል።

በደሌ ይህ ነው፦ ዓይናቸው ለጠፋ አንዲት ሴት ልብወለድ ሳነብላቸው መጨረሻውን ለወጥኩባቸው። ይኸው ነው። ሲነገር ትንሽ ነው። በዚህም ሰው ይናዘዛል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ እንዲያ ብያለሁ።

ጂማ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ አስተምሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው በቾ ቦሬ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ አዴ ዘይነባ ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ቤት ነው። እዚህ ትልቅን ሴት አዴ ብለን ነው የምንጠራው። አዴ ዘይነባ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸውም ወደየሥራቸው ተበታትነዋል። በወጣትነታቸው በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው ልብወለድ የለመዱ ሴት ናቸው፤ ያገኙትን ሁሉ ያነቡ ነበር። ኋላ የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደው። ስለዚህ ከአስር ሰላት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። ዓመታት አልፈውናል እንዲህ ስናደርግ።

በመጻሕፍት ግን አንስማማም ነበር። እኔ የታሪክ ልብወለድ ወዳጅ ነኝ። በታሪክ ልብወለድ ውስጥ የሚሞተው ሰው ደራሲው ስለፈለገ አይሞትም፤ ቀኑ ስለደረሰ ይሞታል። ደራሲው አንጀቱ ቢላወስለትም ሊያስቀረው አይችልም። ይህ ደስ ይለኛል። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለ? የቤተሰብ ልብወለድ ግን ያናድደኛል። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ይካካዳሉ፣ ይራገማሉ፣ አንዱ የሌላውን ደጅ ላይረግጥ ይምላል፤ ከዚያ ወይ ሰርግ ይደገሳል ወይ አንዱ አልጋ ላይ ይወድቃል፣ ሁሉም ተላቅሶ ይታረቃል። «ደራሲው ወረቀት ሲያልቅበት ያስታርቃቸዋል» እል ነበር። ይህን አባባሌን እወደው ነበር። በመምህራን ክበብ ውስጥ ደጋግሜ ተናግሬው ሰው ስቆልኛል።

አዴ ዘይነባ ደግሞ የእኔ መጻሕፍት ይሰለቿቸዋል። «ማሎ ቲቸር» ይሉኛል፤ እባክሽ ማለታቸው ነው። «እነዚህ ሰዎች ምሳ የሚበሉት መቼ ነው? ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ፈረስ ላይ ናቸው። ሚስት የላቸውም? ልጅ አያምባቸውም?»

«ጦርነት ላይ እኮ ናቸው፣ አዴ» እላቸዋለሁ።

«ይሁና። ጦርነትም ቢሆን ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው አለ። እሱን ለምን አይነግረንም?»

በኋላ ተስማማን። አንድ የእኔ ምርጫ፣ አንድ የእሳቸው። በእሳቸው ተራ ያ መጽሐፍ መጣ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ ታናሹን ይበድለዋል፤ ክፉ በደል ነው፣ ዝርዝሩ ይቅርባችሁ። ሃያ ዓመት ሳይነጋገሩ ይኖራሉ። ቤተሰቡ ይከፈላል፣ ልጆቻቸው መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላም አይባባሉም። እኔ እያነበብኩ በልቤ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። እሳቸው ግን እንደ ሕፃን ነው የሚሰሙት። አንድ ምዕራፍ ላይ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና ስለ እህታቸው ነገሩኝ።

ታናሽ እህታቸው ከዲጃ ሰርቦ ነው የሚኖሩት። ሰርቦ ሩቅ አገር አይደለም፤ ሚኒባስ ላይ የጀመሩት ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። እናታቸው በታመሙ ጊዜ ከዲጃ «ወደ እኔ ልውሰዳት» አሉ፤ አዴ ዘይነባ እንቢ አሉ። በዚህ ተኳረፉ። እናትየው አንድ ማለዳ ሞቱ። በእስልምና ሬሳ አያድርም፣ ያንኑ ቀን ይቀበራል። አዴ ዘይነባ ለሰርቦ ወዲያው መደወል ይችሉ ነበር። አልደወሉም። «ትንሽ ትቆይ አልኩ» አሉኝ። «ንዴት ነው። ትንሽ ትቆይ አልኩ፣ ሰዓቱ ሄደ። እሷ ስትደርስ አፈር ተመልሷል። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችብኝም። መቃብሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ያንኑ ቀን ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም።»

«አይዞዎት» አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። «ቲቸር፣ ይሄ መጽሐፍ ሲያልቅ ሰርቦ እሄዳለሁ ወላሂ። ይሄ ሰውዬ ወንድሙ ደጅ መሄዱ አይቀርም፣ ይታወቀኛል። እሱ የሆነውን ልስማና እሄዳለሁ።»

ይህን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልም። የአሮጊት ጨዋታ መስሎኝ ነበር ብዬ ራሴን ለመደለል ሞክሬ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት በጎረቤት ሴት አረንጓዴ ሻርፕ ከጂማው መርካቶ አስገዝተው፣ አጣጥፈው በላስቲክ ውስጥ ማስቀመጣቸውን አይቻለሁ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለማን እንደሆነ አውቄዋለሁና።

መጨረሻውን ቀድሜ ቤቴ አነበብኩት። እንደጠረጠርኩት ነበር። ታላቁ ወንድም በእግሩ ይሄዳል፣ ያንኳኳል። ታናሹ ይከፍታል። አይናገረውም። ካፖርቱን ይቀበለዋል፣ ወደ ውስጥ ዞሮ «የእጅ ውሃ አምጡ» ይላል፣ ማዕድ ላይ ያስቀምጠዋል። አበቃ። መጽሐፉን አልጋዬ ላይ ወረወርኩት። ሰው እንዲህ አይደለም አልኩ። እኔም አንድ ጊዜ የወንድሜን በር አንኳኩቼ ነበር፤ አልተከፈተልኝም። ይህን ምክንያቴ ነው ብዬ አላቀርበውም። ለስንቱ ሰው በር ሳይከፈት ቀርቷል፣ ሁሉም ግን ዓይነ ስውር አይዋሽም።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። አዴ ዘይነባ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ነበር። እያነበብኩ መጣሁ፣ ታላቁ ወንድም በሩ ላይ ደረሰ፣ አንኳኳ። እዚያ ላይ ዓይኔን ከመጽሐፉ አነሳሁ። ድምፄን ሳልለውጥ፣ እንደሚያነብ ሰው፣ እንዲህ አልኩ፦ «ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ። ኮቴው በሩ ድረስ መጥቶ ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ።»

መጽሐፉን ዘጋሁ። ሌላም ነገር ልናዘዝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥሩ አረፍተ ነገር ነው አልኩ። ይህ ደራሲ መጻፍ የነበረበት ይህን ነው አልኩ። ልጆችን «የሌለ ነገር አትጨምሩ፣ ምንጩ ያለውን ብቻ ጻፉ» እያልኩ ያስተማርኩ፣ በዚህ ምክንያት የስንቱን ልጅ ማርክ የቀነስኩ እኔ ነኝ።

«አልከፈተም?» አሉ አዴ ዘይነባ።

«አልከፈተም።»

«በሩ ጋ መጥቶ?»

«አዎ።»

መቁጠሪያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። ከዚያ «ማሎ፣ ድገሚልኝ» አሉ። እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። ተሳስቼ ገጽ ዘልያለሁ ብል ማን ይጠይቀኝ ነበር? መጽሐፉን ገለጥኩ። የተጻፈው ፊቴ ነው፤ «የእጅ ውሃ አምጡ» ይላል። እሱን እያየሁ የራሴን ደገምኩላቸው። አንዲት ቃል አላዛነፍኩም። የመጀመሪያውን ሞኝነት ነው እንበል። ሁለተኛውስ ምንድነው?

አዴ ዘይነባ አላለቀሱም። «እውነቱን ነው» አሉ። «ሰው እንዲህ ነው።» የራሴን አስተያየት ከእሳቸው አፍ ሰማሁት። ከዚያ ተነስተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡና ላስቲኩን ይዘው ወጡ። «እንቺ ቲቸር፣ ለአንቺ ይሁን። እኔ ምን አደርግበታለሁ?» አሉ። ሻርፑን ተቀበልኩ። አመሰግናለሁ አልኩ። አመሰግናለሁ አልኩ! አሁንም ሳጥኔ ውስጥ ከነላስቲኩ አለ።

ሰርቦ አልሄዱም። የእኔ ተራ ደረሰና የታሪክ ልብወለድ ጀመርን፤ ስለ ምሳ ሳይጠይቁኝ ሰሙት። ሁለት ወር ያህል አለፈ። በየቀኑ ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ። ልንገራቸው እልና ነገ እላለሁ። ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? የደራሲውን መጨረሻ ስላልወደድኩት የእርስዎን ጉዞ አስቀረሁ ልበል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ግን ቅቤውንም አልሞከርኩ።

ቡና በየማድረቂያ አልጋው በሚሰጣበት ሰሞን ከሰርቦ ተደወለ። ከዲጃ ሞቱ። ክንዳቸውን ይዤ ወጣን። መንገድ ላይ ሚኒባሱ ጎማ ቀየረ፤ እኛ ስንደርስ ቀብሩ አልቋል፣ አፈሩ ተመልሷል። አዴ ዘይነባ ስለማያዩ አፈሩን በእጃቸው ዳሰሱት። እርጥብ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ምንም አልተሰማኝም። እግር ሲደነዝዝ የራስ አይመስልም አይደል? እንደዚያ ነው። እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ልቅሶ ቤት የከዲጃ ልጅ ሰሚራ መጥታ አክስቷን ጉልበታቸው ላይ ሳመቻቸው። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ልታጽናናቸው ፈልጋ ነው። «አክስቴ፣ እማ አልተቀየመችዎትም እኮ» አለች። «ሁሌ የምትለን ነበር፤ ‹ዘይነባ ከመጣች ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገራት። ስለ ድሮው እንዳታነሱባት። ዝም ብላችሁ አስገቧትና ምግብ አቅርቡ› ትለን ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከጂማ ገበያ የሚመለስ ሰው ሲኖር፣ ዘይነባ ደህና ናት ወይ ብላ ትጠይቅ ነበር።»

ዝም ብላችሁ አስገቧት፣ ምግብ አቅርቡ። መጽሐፉ ያለው ይህንኑ ነበር። ያ የናቅሁት ደራሲ፣ ወረቀት አለቀበት ያልኩት ሰው፣ ሰርቦ ያለችውን ሴት ሳያያት በትክክል ጽፏት ነበር። እኔ ደግሞ ታሪክ አዋቂዋ ሰረዝኳት።

ስንመለስ አዴ ዘይነባ ሚኒባሱ መስኮት በኩል ተቀምጠው ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ «ያንን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ማነው?» አሉኝ።

«አላውቀውም፣ አዴ።»

«ሰው አያውቅም እሱ። እህት የለውም መሰለኝ። እኔ እኮ እሱን ሰምቼ ነው የቀረሁት። በሩ ጋ መጥታ ብትመለስብኝስ ብዬ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አስተግፊሩላህ። ሙት ቤት ደርሼ እየመጣሁ ሰው ልራገም? ሳያውቅ ነው የጻፈው። አውፍ ብዬዋለሁ። አላህም ይቅር ይበለው።»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል አይሞላም። እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ፣ «አሜን» አልኩ። ምንም ላልበደለ ሰው የተሰጠውን ይቅርታ እኔ አሜን ብዬ አሳለፍኩት። ያ ይቅርታ የእኔ ነበር፤ አድራሻው ግን የእኔ አይደለም፣ ልወስደው አልችልም።

ከዚያ ወዲህ ማንበብ አላቆምንም። አሁን ተራ የለንም፤ ሁሉም የእሳቸው ምርጫ ነው፣ የቤተሰብ ልብወለድ ነው። ፊደል ሳልዘል፣ የታተመ ስህተት እንኳ ሳላርም አነብላቸዋለሁ። ሲታረቁ ይታረቃሉ፣ ሳይታረቁ ሲቀሩ ይቀራሉ። ስለ መጻሕፍት አስተያየት የለኝም። መጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ አዴ ዘይነባ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጉና «ይሄኛውስ ሰው ያውቃል?» ይሉኛል። «እንጃ» እላለሁ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ እናንተ ይቅር ብትሉኝ ያው ያለ አድራሻ የተላከ ይሆናል። በጽሑፍ መናዘዜን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩልኝ ደግሞ። አስቤበት ነው የጻፍኩት። ይህ ወረቀት ቢታተም፣ በቾ ቦሬ ድረስ ቢመጣ፣ በረንዳው ላይ ጉልበታቸው ላይ ቢቀመጥ፣ አዴ ዘይነባ በጣታቸው ዳብሰውት «ይሄ ደግሞ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚያነብላቸው ሰው ከእኔ በቀር የለም።